ደረቴን በመቀነት ያሰርኩበት ረመዳን

ቤት መግባት ለእኔ ጡት ማስያዣ ማውለቅ ነው። ቁልፉን ከበሩ ሳልነቅል አንድ እጄን በልብሴ ውስጥ ወደ ጀርባዬ እሰድና መንጠቆውን እፈታዋለሁ፤ ጫማዬን እንኳ የማወልቀው ከዚያ በኋላ ነው። አማን ከተማ ሽሜሳኒ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ጓደኛዬ "ሰው መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል እኮ" እያለች ትስቅብኛለች። እሷ ምን ታውቃለች! ደረቷ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የወንድሟን ካናቴራ ለብሳ መኖር የምትችል ሴት ናት።

አላህ እኔን ሲፈጥረኝ ከላይ አልሰሰተም። ከጡቴ በታች ግን ቀጭን ነኝ፣ የጎድን አጥንቴ ይቆጠራል። ጓደኛዬ "ሁለት ሴት አንድ ቀሚስ ውስጥ ገባችሁ" ትለኛለች። አማን ውስጥ እንደዚህ ለተሠራች ሴት የሚሆን ጡት ማስያዣ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መሐል ከተማ ባሉት ርካሽ ሱቆች ጡቴን የሚችለውን ሳነሳ ዙሪያው ለወፍራም ሴት የተሰፋ ይሆንና ከጀርባዬ እየተንሸራተተ ማጅራቴ ድረስ ይወጣል። ዙሪያው ልክ የሆነኝን ሳነሳ ደግሞ ግማሽ ጡቴ ውጭ ያድራል። በትልልቆቹ ሞሎች ልኬ አለ። አንድ ቀን አንዱን አንስቼ ዋጋውን አነበብኩና፣ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔም የምገዛው ሽቦ ያለበትን ጠንካራውን ነበር። ሽቦው ቢያንስ ያነሳል። በየቤቱ በሰዓት የምሠራ ስለሆንኩ ቀን ሙሉ ኡም ሱማቅ ሰፈር መስኮት ስወለውል፣ ዴር ግባር ሰፈር ምንጣፍ ስጠርግ እውላለሁ፤ ማታ ሳወልቀው ከጡቴ ስር ቀይ ሰንበር ይወጣል። ግን ማታ ይወልቃል። የሚያምም ነገር የሚያበቃበት ሰዓት ካለው ይቻላል። እኔ ያንን ሳላውቅ ነበር የኖርኩት፤ ያወቅኩት ሰዓቱ የቀረ ጊዜ ነው።

ኮሮና የሚሉት በሽታ ሲመጣ፣ ከተማው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰበት ቀን፣ ከምሠራላቸው ሴቶች አንዷ የዴር ግባሯ ማዳም ደወለችልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ነበር እሷ ቤት የምሄደው። የባሏን እናት ሃጃን የምትንከባከበው ሴት ወደ አገሯ ሄዳ ቀርታለች። "ሐዝር ሳይጀመር ነይ፣ ነገሩ እስኪያልፍ ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ" አለችኝ። ሐዝር የሚሉት ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ የሚከለክለውን እገዳ ነው። በሰዓት የሚሠራ ሰው መንገድ ከተዘጋ ምን ይበላል? አልሐምዱሊላህ ብዬ አንድ ፌስታል አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሁለት ጃለቢያ፣ መስገጃዬን፣ መቀነቴን ያዝኩ። መቀነቴ የትም አይቀርም፤ ከባድ ዕቃ ሳነሳ ወገቤን እታጠቅበታለሁ፣ እናቴም እንደዚያ ነበር የምትሠራው። ሁለተኛው ጡት ማስያዣዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። አልደረቀምና ተውኩት። ሁለት ሳምንት ነው ብለውኝ የለ!

በማግስቱ የሳይረን ድምፅ ከተማውን ሞላው፤ ከዚያ መኪናም ሰውም ጠፋ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ሰው ሆነን ተዘጋን። ሃጃ፣ ልጃቸው፣ ሚስቱ ማዳም፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንዶች ልጆቻቸው፣ እና እኔ።

ሃጃ ግራ ጎናቸው የማይሠራ፣ ምላሳቸው የተሳሰረ ትልቅ ሴት ነበሩ። ከታመሙ ወዲህ የሚናገሩት ለቤተሰቡ አይገባም። ማዳም እንደ ሕፃን "አይዋ ማማ፣ አይዋ፣ አዎ አዎ" እያለች ታልፋቸዋለች። እኔ አረብኛን ተሰባብሮ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ የተሰባበረ አረብኛ አያስቸግረኝም። ምን እንደሚሉ ይገባኝ ነበር፤ ከሚሉት አብዛኛውም ሐሜትና ቀልድ ነው።

ሐኪማቸው ብዙ ጊዜ ተኝተው እንዳይቆዩ አጥብቆ አዝዟል። ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ካልተነሱና ካልተቀመጡ ጀርባቸው ይቆስላል፣ ከቆሰለ ደግሞ በዚያ ዕድሜ አይድንም። እኔ የመጣሁት ለዚያ ነው። ማንሳት ብልሃት አለው፤ በጉልበት የሚያነሳ ሰው ወገቡን ይሰብራል። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን በጉልበቶቼ መሐል እይዛለሁ፣ እሳቸው ደህናውን እጃቸውን አንገቴ ላይ ያጠልቁና ራሳቸውን ደረቴ ላይ ያሳርፋሉ። "ቢስሚላህ" ብለን አብረን እንነሳለን። አብረን ያልኩት ስለሆነ ነው። ራሳቸውን ጥለው ካልተደገፉ አይነሱም። ልጃቸው ሲሞክር ይፈሩና ሰውነታቸውን ያደነድናሉ፣ ያኔ እሱ ላብ በላብ ሆኖ መልሶ ያስተኛቸዋል። ለእኔ ግን አንገቴን አንቀው ሰውነታቸውን ይለቁልኛል። እዚያ ቤት መሆኔ ለእኔ ጣራ ነበር፤ ለእሳቸው ጀርባቸው ነበር። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ችግሩ ወንዶቹ ነበሩ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ዓይናቸውን ሰብረው የሚያልፉ የተቀጡ ልጆች ናቸው። ግን ቤት ናቸው። ድሮ ለጽዳት ስመጣ ቤቱ የሴት ነበር። አሁን አንዱ ኩሽና ቡና ያፈላል፣ አንዱ ኮሪደር ላይ ስልክ እያወራ ይመላለሳል፣ አባትየው በማንኛውም ሰዓት የእናቱን እጅ ለመሳም ይገባል። እኔ የምተኛው ሃጃ ክፍል፣ አልጋቸው ስር በተነጠፈ ፍራሽ ነው፤ በሩ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ሻሼም አይወልቅም፣ ጡት ማስያዣዬም አይወልቅም። ሌሊት ስዞር ሽቦው ይዞር ነበር። አጥቤው እርጥቡን እለብሰዋለሁ። ከጡቴ ስር ያለው ሰንበር መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ።

ማዳም ግን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድማ ከሸሚዟ ስር ለስላሳ ነገር ለብሳ ትውላለች። አንድ ቀን ልብስ ሳጣጥፍ አየሁት፤ ሽቦ የለው፣ መንጠቆ የለው፣ ጥጥ ብቻ። እጄ ላይ ይዤው ቆሜ ቀረሁ። "ላውንጅ ብራ ነው፣ ለቤት ውስጥ የሚለበስ፣ ተኝተሽበትም አይሰማሽም" አለችኝ። ተኝተሽበት አይሰማሽም! ለመጋደም ተብሎ የሚሰፋ ጡት ማስያዣ መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተንጋለው መጽሐፍ ያነባሉ። አንድም የቆመች የለችም።

"ላዝልሽ?" አለችኝ። ደግ ነች። ዱአ አደረግኩላት። ማታ እራት ቀርቦ፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ሩዙን ከበው ተቀምጠው፣ እኔ ለብን የሚሉትን እርጎ ይዤ ስገባ ስልኳን እያየች "ቁጥርሽ ስንት ነው? ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፤ ከጡት በላይና ከጡት በታች" አለችኝ። በአላህ! ትንሹ ልጅ ማንኪያውን አስቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ላርጅ" አልኩና ወጣሁ። ላርጅ መጣ። ጓደኛዬ ብትለብሰው ያምርባት ነበር፤ እኔ በአንዱ እግሬ ብገባበት ይሻል ነበር። ማዳም "እንዴት ነው?" ስትለኝ "ልክ ነው፣ አላህ ይስጥሽ" አልኳት። ሁለተኛ ያን ጥያቄ በማዕድ ፊት ከምሰማ ሽቦው ይሻላል ብዬ ነው።

ሽቦው ግን የራሱን መንገድ ወጣ። አንድ ጠዋት ሃጃን ሳነሳ ጨርቁን በስቶ ጫፉ በጃለቢያዬ በኩል ብቅ አለና ጉንጫቸውን ቧጨራቸው። "አሕ!" አሉ፤ ከዚያ ደረቴን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው "ምንድን ነው፣ ቢላ ደብቀሻል እንዴ?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሽቦውን አወጣሁና አሳየኋቸው። "ወንዶች እኛን ያስፈራሉ ይላሉ፤ አንቺ ሳይነኩሽ የምትወጊ ነሽ" አሉኝ። ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፣ እኔም ጠበቅኳቸው።

ማዳም ገብታ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ቀይ መስመር ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ሹ ሃዳ? ይሄ ምንድን ነው?" አለች። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል። ሃጃ "ሽቦ፣ ሽቦ" ይላሉ፤ ባልና ሚስቱ አይገባቸውም፣ ወደ እኔ ያያሉ፣ እንድተረጉም ይጠብቃሉ። የእሱን ፊት አየሁና "ጥፍሬ ነው፣ ይቅርታ" አልኩ። ማዳም ጥፍር መቁረጫ አምጥታ ሰጠችኝ፤ አሥሩንም እስክቆርጥ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃጃን ሳጥብ በሩ ገርበብ ብሎ እንዲቀር ታደርግ ነበር። ገባኝ። አሮጊት የምትመታ ሠራተኛ አለች ሲባል እኔም ሰምቻለሁ፣ እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ግን ያ ገርበብ ያለ በር አንጀቴን አቃጠለው። አንድ ጭረት ብትደገም ከዚያ ቤት እንደምወጣ አወቅኩ።

ያን ቀን ጡት ማስያዣውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ፤ በምትኩም መቀነቴን አወጣሁ።

እኛ ጋ መቀነት የማያስረው ነገር የለም። የወለደች ሴት ሆዷ እንዲመለስ ትታሰርበታለች፣ እንጨት ተሸካሚዋ ወገቧን ታጠብቅበታለች፣ ሐዘን ላይ ያለችም "አንጀቴን ልሰር" ብላ ትታጠቃለች። ወገብን ከቻለ ደረትን ለምን አይችልም አልኩ። ሰፊ ጥጥ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሽቦ የለውም። ጡቴን ወደ ላይ ሰብስቤ ዙሪያውን ደጋግሜ ጠመጠምኩ፣ ጫፉን ብብቴ ስር ወተፍኩ። ጥሩ ሆነ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሃጃ ራሳቸውን ሲያሳርፉ "አሁን ትራስ ሆነሻል" አሉኝ፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ደስ አለኝ።

መቀነት ግን ጨርቅ ነው፤ ሲያነሱ ሲጥሉ ይላላል። ሲላላ ይወርዳል፣ ሲወርድ በወንዶቹ ፊት ከጃለቢያዬ ስር ይንጠለጠላል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት አጠብቀዋለሁ። በየቀኑ ጥቂት ሲሆን አይታወቅም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። ረመዳን ገባ። ጾሙ ላይ የኩሽናው ሙቀት፣ የኢፍጣሩ ድስት፣ የሃጃ ማንሳት። ደረጃ የለው ዳገት የለው ኮሪደሩን ሳቋርጥ አለከልክ ጀመር። ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ጾሙ ነው እላለሁ። ሃጃ ግን በደህናው እጃቸው ጀርባዬን ዳሰው ጠንካራውን ጠርዝ አገኙት። "ይሄን ፍቺው" አሉኝ። "ልጆቹ ሲተኙ" አልኳቸው። ልጆቹ በረመዳን እስከ ሱሑር፣ እስከ ንጋቱ ምግብ፣ አይተኙም።

አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ማፍጠሪያው መግሪብ ሳይቃረብ፣ ሾርባው ተጥዶ፣ ሃጃን ወደ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላዞራቸው አነሳኋቸው። ቢስሚላህ አልን። ተነሳን። መሐል ላይ አየሩ አለቀብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የሚገባ ነገር የለም። እሳቸውን እንዳልጥላቸው ብቻ አሰብኩ፤ እንደምንም ወንበሩ ላይ አሳረፍኳቸውና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ዓሣ አፌን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። ወንበሩ ሲንኳኳ ሁሉም ሮጠው መጡ።

በሩ ላይ ቆመው ያዩኝን አልረሳውም። አራቱም ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ማዳም በሻሿ አፏን ሸፈነች። ባሏ ሙቀት መለኪያውን ከሩቅ ግንባሬ ላይ አነጣጠረ፤ ከምድጃ ነው የመጣሁት፣ እንዴት አይሞቅ! "መተንፈስ አቅቶሻል? ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። አራት ሰው፣ ሦስቱ ወንድ። "ደህና ነኝ፣ ጾሙ ነው" አልኩ በተቆረጠ ትንፋሽ። "ሁላችንም ጾመኞች ነን" አለ። እሱም እውነቱን ነው።

ሃጃ ያኔ መጮህ ጀመሩ። "ፉኩ ሰድርሃ! ፉኩ ሰድርሃ!" ደረቷን ፍቱላት ማለታቸው ነው። የታሰረው ምላሳቸው ቃሉን እያንጋደደው ደጋግመው ጮሁ፣ በደህናው እጃቸው ወንበሩን መቱ። ማዳም "ማማ ፈርታለች፣ አውጧት ከዚህ" አለች። ትልቁ ልጅ ጭምብል አጥልቆ ወንበሩን ገፍቶ አወጣቸው። ምን እንዳሉ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ትርጉሙን እንዳልናገር ትንፋሹም አልነበረኝም፣ አፉም አልነበረኝም። ባዕድ ወንድ ፊት "ጡቴን አስሬ ነው" የምትል ሴት በእኛ ቤት አላደገችም።

አባትየው ስልክ ደወለ። ነጭ ለብሰው ከእግር እስከ ራስ የተሸፈኑ ሰዎች መጡ። በደረጃው ሲያወርዱኝ በየፎቁ በሮች ተከፍተው ተዘጉ፤ ግቢ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ነበር። አንዷ እናት ልጇን ከበረንዳው ብረት ላይ ስባ አስገባችው። ከላይ የሃጃ ድምፅ አሁንም ይሰማኝ ነበር።

ሆስፒታል ብቻዬን አንድ ክፍል አስገቡኝና አንዲት ነርስ መጣች። ሴት መሆኗን በድምፅዋ አወቅኩ። ልብሴን ስታወልቅ መቀነቱን አየች። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። መፍታት ጀመረች፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያልቅም። መጀመሪያ ሳቀች። የመጨረሻው ዙር ከቆዳዬ ጋር ተጣብቆ ነበርና በውሃ አርሳ ስታላቅቀው ሳቋን ተወች። አየሩ ገባ። እንዴት እንደገባ! ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ለማልቀስም ትንፋሽ እንደሚያስፈልግ ያኔ አወቅኩ። "ሐራም ዐለይኪ፣ በራስሽ ላይ ምን አደረግሽ?" አለችኝና ቁስሉን ቀባችልኝ። ምርመራው ወጥቶ "ማ ፊኪ ሺ፣ ምንም የለብሽም" እስኪሉኝ ድረስ ግን ሕጉ ነውና አልለቀቁኝም።

ከዚያው ሆኜ ማዳም ጋ ደወልኩ። በስልክ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ጉንጫቸውን፣ ላርጁን፣ መቀነቱን። እሷም "ሌሽ ማ ሐኬቲ? ለምን አልተናገርሽም?" አለችኝ። ለምን አልጠየቅሽኝም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ጠይቃኛለች እኮ፣ በሩዝ ላይ። ተናደድኩ፣ በማን ላይ እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም። "አሁን ጤነኛ ነኝ፣ ወረቀቱን ሰጥተውኛል፣ ልምጣ" አልኳት።

"አትምጪ" አለች። ሕንፃው ታሽጎ ነበር፤ የሁሉም ምርመራ እስኪወጣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ማንም እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ከውጭ የምትመጣ ሠራተኛ ሁለተኛ እዚህ ደረጃ አትረግጥም ብለዋል። "ወረቀት አለኝ እኮ" አልኳት። "ወረቀቱን ማን ያያል፣ አምቡላንሱን ነው ያዩት" አለችኝ። ፌስታሌን ሐሪሱ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ ፖሊሱን አስፈቅዶ እንዲያመጣልኝ አደረገች።

ሽሜሳኒ ጓደኛዬ ጋ ገባሁ። በር ላይ ቁልፉን ሳዞር እጄ በልማዱ ወደ ጀርባዬ ሄደ፤ የሚፈታ ነገር አልነበረም። ዒድን እዚያው አደረግን። በየጊዜው እደውላለሁ። "ሃጃ ከይፍሃ፣ እንዴት ናቸው?" እላለሁ። "ከዊሴ፣ ደህና ነች" ትለኛለች። "ማን ያነሳቸዋል?" ስላት "ባሌ" ትለኛለች። "ራሳቸውን ደረቱ ላይ ያሳርፉ፣ ጉልበታቸውን በጉልበቱ ይያዝ፣ አይጎትታቸው፣ እስኪደገፉት ይጠብቅ" እያልኩ በስልክ አስተማርኩ። "ታይብ፣ ታይብ" ትላለች፤ እሺ እሺ መሆኑ ነው። በጓሮ በኩል በጋራዡ ልግባ፣ ማንም አያየኝም አልኳት። "ከተማው ሲከፈት" አለች። ከዚያ ስልኩን ቶሎ ቶሎ አላነሳ አለች። የሰው ቤት ሠራተኛ "ከዊሴ" ከተባለች አምና ከመቀመጥ ሌላ ምን መብት አላት?

ከተማው ቀስ እያለ ተከፈተ። ባላ የሚሉት ያገለገለ ልብስ የሚከመርበት ገበያ ሲከፈት ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝ፤ በጃለቢያ ስር ራቁት ደረት ይዤ ሥራ ልፈልግ አልችልም። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ክምር ደፍቶታል፤ ዳንቴሉ፣ ስፖንጁ፣ ቀዩ፣ ወርቃማው፣ ሁሉም የሰው ጡት ቅርፅ ይዞ ቀርቷል። ጓደኛዬ እስከ ክርኗ ገብታ ስትቆፍር አንድ ግራጫ ነገር አወጣች። ሽቦ የለውም። ማንገቻው ሰፊ ነው፣ ዙሪያው ጠባብ፣ ጡቱ ጥልቅ። ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ መክፈቻ አለው። የምታጠባ እናት የምትለብሰው ነው። "ልጅ መውለድ ነበረብሽ ለካ፣ እስከ ዛሬ የተቸገርሽው" አለችኝና ሁለታችንም እዚያው ገበያ መሐል በሳቅ ፈነዳን። ከአንድ ሻወርማ ያነሰ ከፈልን።

ቤት ገብቼ ለበስኩት፣ ለብሼውም ተኛሁ። እውነትም ተኝተሽበት አይሰማሽም። ከጡቴ ስር ያለው ቁስል ደርቆ ጠባሳ ሆኗል፣ አያሳክክም። ጠዋት ስነሳ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩና "ዛሬ ሃጃ ጋ እሄዳለሁ" አልኩ። ማዳም ፈቀደች አልፈቀደች፣ ደረጃው ስር ቆሜ ልጣራ፤ ደህናው እጃቸው በመስኮት ይታየኛል። ታክሲ ገና ሰው ለመጫን ስለሚያንገራግር በእግሬ ሄድኩ። የዴር ግባርን ዳገት ሳላለከልክ ወጣሁት፤ ሰው ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐሪሱ በር ላይ የመኪና ምንጣፍ ያጥብ ነበር። ግብፃዊ ነው፣ ትልቅ ሰው። ሲያየኝ ውሃውን ዘጋ። "ሃጃ ከይፍሃ?" አልኩት። ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደ። "አላህ ይርሐምሃ፣ ያ ኡኽቲ" አለ። እህቴ፣ አላህ ነፍሳቸውን ይማር ማለቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲናገረው አልገባኝም፣ ደገመልኝ።

"ኮሮና ነው?" አልኩት። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። እጁን ወደ ገዛ ጀርባው አዙሮ ወገቡ ላይ አሳረፈና "ደህርሃ" አለ፤ ጀርባቸው። ልጃቸው ሊያነሳ ሞክሮ ወገቡን ታመመ። ሚስቱም ሞከረች። አሮጊቷ ግን እጃቸውን የማንም አንገት ላይ አላጠልቅ አሉ፤ ሲጠጓቸው ይጮኻሉ፣ የሚሉት አይገባም፣ ስለዚህ ተዋቸው። ቁስሉ ሲከፈት ሆስፒታል መውሰድ ፈሩ፣ እዚያ ኮሮና ይይዛቸዋል ብለው። "መቼ ነው?" አልኩት። ከዒድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን ነገረኝ።

ከዒድ በኋላ እኔ ደውያለሁ። ከዊሴ ተብያለሁ።

ሐሪሱ ወንበሩን አቀረበልኝ፣ ውሃ ልስጥሽ አለኝ። አልተቀመጥኩም፣ አልጠጣሁም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ፍራሹ ለፀሐይ በረንዳ ላይ ወጥቷል። የምትነሳበትን አንገት የምትጠብቅ ሴት እዚያ ላይ ተኝታ ስትጮህ፣ አንገቴ ሽሜሳኒ ነበር፤ ጤነኛ ሆኖ፣ ስልክ እየጠበቀ። መንገዱን ያን ቀን በእግሬ መጥቼበታለሁ፣ ሩቅ አይደለም።